የሚያነክስ ሸክላ

ሸክላው ይዞራል። ድምፅ ግን የለም።

መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ያየው ይህንን ነው፤ ሬሳውን ያየው ከዚያ በኋላ ነበር። ጥቁሩ ሸክላ ማጫወቻው ላይ ይሽከረከራል፤ መርፌው መጨረሻው ላይ ደርሶ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ እንዳይንቀጠቀጥ መሃሉ ላይ የሚጫነው የነሐስ ክብደት የመስኮቱን ብርሃን እየተቀበለ ብልጭ ይላል። ሽማግሌው ከወንበሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ምርኩዙ ከጎኑ ወድቋል። ማጅራቱ ላይ ያለው ደም ደርቋል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሲነድ ስላደረ ክፍሉ ይፋጃል።

«ምንም ነገር እንዳትነኩ» አለ መርማሪው። «ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ሽቦውን፣ ማዞሪያዎቹን፣ ሁሉንም።»

«ግን መጣ» አለ ፎቶ አንሺው ለጓደኛው በሹክሹክታ። መርማሪው ሩቅ አገር ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ አንድም ነገር ያለ «ግን» ሲቀበል አይተውት ስለማያውቁ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ነው።

አራቱም ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ የፊልም ሙዚቃ ሸክላ ነው። ሟቹን ሰብሳቢዎቹ «ባለጆሮው» ይሉት ነበር። አንድ የድሮ ፊልም ሙዚቃ እንደገና ታትሞ ሲወጣ መላው ሰብሳቢ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ይዞ የሱን አስተያየት ይጠብቃል። ባለጆሮው በኢንተርኔት ገጻቸው ላይ «ጥሩ ነው» ካለ ይገዛሉ። ዝም ካለ ይጠብቃሉ። ከተሳደበ አሳታሚው ዕቃውን ታቅፎ ይቀራል።

ሬሳውን ያገኙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሕንፃው ጥበቃና የሸክላ አሳታሚው። አሳታሚው ግራጫ ካፖርት የለበሰ ጨዋ ሰው ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ መዳፉን ያሻሻል።

«ትናንት ማታ አዲሱን ሸክላችንን ስናስመርቅ ወንበሩ ባዶ ሆነብኝ» አለ። «እሱ ምርቃት አይቀርም። ሥራውን ባይወደው እንኳ ለመሳደብ ይመጣል። ጠዋት ስልክ ብደውል አያነሳም። ጥበቃውን ለምኜ በመጠባበቂያው ቁልፍ አስከፈትኩ።»

«ከዚያስ?»

«ጥበቃው ፖሊስ ሊጠራ ወረደ። እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ።»

«ማጫወቻው ላይ ያለው የእርስዎ ሸክላ ነው?»

«የእኛ ነው። አስተያየት እንዲሰጥበት ቀድሜ የላክሁለት ቅጂ። ከዋናው የቴፕ ክር፣ ሙዚቃው ያኔ ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀዳበት ክር ነው ያሳተምነው።» ይህን ሲል አንገቱ ቀና አለ። «እሱን እየሰማ ነው የሞተው። ይህ እንኳ ያጽናናኛል።»

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ወጣ። «በከባድ ነገር ተመትቷል። ከቀትር እስከ ማታ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚህ ሙቀት ከዚህ በላይ አልምልልህም።»

*

ከሥር ያለው ቤት የልብስ ሰፊዋ ነው። መርማሪው ሲገባ ሴትየዋ እግራቸውን ከመኪናው መርገጫ ላይ አላነሱም።

«ማታ ሙዚቃ ሰምተዋል፣ እናቴ?»

«አይ ልጄ! የሚዘፍነው ጣሪያዬ ነው እኮ። ብወድስ ብጠላስ የት እሄዳለሁ? ስንት ዓመት ሙሉ ሙዚቃ፣ ከዚያ ሊገለብጠው ሲነሳ ምርኩዙ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሲመለስ እንደገና ቋ፣ ቋ። የሚያፈስ ጣሪያ ይሻለኝ ነበር።» ድምፃቸው ተሰበረ። «አሁን ማን ይረብሸኝ?»

«ማታ የነበረው መቼ ነው?»

«ዜና ሲጀምር። ቀን እቤት አልነበርኩም፤ ሙሽራ ልለካ ወጥቼ ነበር። ማታ ያቺን የምታነክሰውን አጫወተ።»

«የምታነክሰውን?»

«አንዲት ሸክላ አለችው። ዜማው ደህና ሲሄድ ይቆይና እግሩ ወለም እንዳለው ሰው እንዲህ ይላል።» መርገጫውን በእግራቸው አሳዩት፤ ሁለት ረገጡ፣ ቀጥ አሉ፣ አንድ ረገጡ። «እየሰማሁ ሳለ የእህቱ ልጅ መጣ። በሩን ደበደበው። ‹ክፈት! እንዳልሰማ አትሁን!› አለ። በእርግጫ መታው።»

«ገባ?»

«አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም።»

*

«የእህቱ ልጅ ቁልፍ አለው» አለ አለቃው ጣቱን እያጠፈ። «ከሟቹ ጋር ተጣልቷል። በሩን በእርግጫ መትቷል። ሙዚቃ ሲሰማ ስለነበር ሰውየው ማታ በሕይወት ነበረ፤ ማታ ደግሞ ልጁ እዚያ ነበር። ነገ ለዐቃቤ ሕግ አስተላልፈዋለሁ። ሌላ ምን ቀረህ?»

«ግን አሳታሚው…»

«አሳታሚው ዜና ሰዓት ላይ መድረክ ላይ ንግግር ሲያደርግ መቶ ሰው አይቶታል።»

«ግን ባለጆሮው በሞተበት ዕለት ጠዋት ገጹ ላይ የጻፈው አለ። ‹አዲሱን ሸክላ ሰማሁት። ነገ እናገራለሁ። ሠሪው ቢቀድመኝ ይሻለዋል።› ምን ነበር የሚናገረው?»

«ያቺን ‹ግን› ከደሞዝህ ላይ መቁረጥ እጀምራለሁ። ሂድ።»

ኮሪደሩ ላይ የሟቹ እህት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ወንድሟን ቀብራ በቀጥታ እዚህ መምጣቷ ነው፤ ጫማዋ ላይ የመቃብር አፈር አለ። ሲያልፍ እጅጌውን ያዘችው።

«አንድ ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ወንድሜ። ሁለተኛ አትጨምሩብኝ። ልጄ ነው። ያለሱ ማንም የለኝም።»

መዝገቡ ነገ ተላለፈ ማለት ልጁ እስር ቤት ገባ ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እጁን እጇ ላይ ጫነና ወደ ምርመራው ክፍል ገባ።

የእህቱ ልጅ ትከሻ ሰፊ የሆስፒታል ኤሌክትሪሺያን ነው። ዓይኑ አብጧል።

«ቀኑን ሙሉ ከአራት ሰው ጋር የሆስፒታሉ ኮርኒስ ውስጥ ሽቦ ስስብ ነበር።»

«ስለ ቀኑ ማንም አልጠየቀህም። ማታስ?»

«ማታማ ሄድኩ። አልከፈተልኝም። ተጣልተን ሳለ በቁልፌ ከፍቼ አልገባም አልኩ። ተናድጄ በሩን መታሁት። ከዚያ ብቻዬን ስዞር አመሸሁ።»

«የተጣላችሁት በምንድን ነው?»

ልጁ ጠረጴዛውን አየ። «በጆሮው። የቀኝ ጆሮው መስማት ትቶ ነበር። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው ‹ለሰው ከተናገርክ የእህቴ ልጅ አይደለህም› አለኝ። እሱ ያለጆሮው ምን ነበረው?» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «በኋላ ለማንም አልናገርም ልለው ነበር የሄድኩት። ሙዚቃው ይሰማል፣ እሱ አይከፍትም። ሆን ብሎ ነው ብዬ ነው የመታሁት።»

«የምታነክሰውን ነበር የሚያጫውተው?»

ልጁ ቀና አለ። «ማን ነገረህ? እንድታነክስ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ትንሽ ሆኜ ስሮጥ ጠረጴዛውን ገጨሁት፣ መርፌው ተንሸራቶ ጫራት። ከሁሉም የሚወዳት እሷን ነበር። ይገድለኛል ብዬ አልጋ ሥር ገባሁ። ጎንበስ ብሎ አየኝና ‹ና ውጣ፤ አሁን በዓለም ላይ እንዲህ የምትል ሸክላ አንድ ብቻ ናት፤ እንደ አንተ› አለኝ።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። «ግን ማጫወቻው ላይ ያገኘነው የሷን ዳግም እትም ነው። አዲሱን።»

«አዲሱማ ማንከስ የለበትም» አለ ልጁ።

*

ገጹ ላይ ከባለጆሮው አስተያየቶች በአንዱ ሥር ሸክላ የሚሰበስብ አንድ የጥርስ ሐኪም «ይህንን ሰውዬ ምላሱን ያለ ማደንዘዣ ነው የምነቅልለት» ብሎ ጽፏል። መርማሪው ክሊኒኩ ድረስ ሄዶ ጽሑፉን ሲያሳየው ሐኪሙ ጭምብሉን አወረደ።

«ቀልድ ነው እኮ! እኔ ጥርስ እንጂ ምላስ አልነቅልም።» ማንም ስላልሳቀ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አበሳጭቶኝ ነበር። እኔ አምስት ኮከብ የሰጠሁትን እትም እሱ ‹መርከቧ ሳትሰጥም ቫዮሊኖቹ ቀድመዋት ሰጥመዋል› ብሎ ጻፈ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እንደገና ስሰማው… በእርግጥም ሰጥመዋል።»

«ማታ የት ነበሩ?»

«ምርቃቱ ላይ፣ የፊት ወንበር። ፎቶ አለኝ። ከአሳታሚው ጋር ተቃቅፈን የተነሳነው።»

«ለአዲሱ ሸክላስ ስንት ሰጡት?»

«አምስት! ከዋናው ክር የተሠራ እኮ ነው። ይስሙታ!»

ከሕክምናው ክፍል ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማጫወቻ ነበረው። ሸክላውን በሁለት መዳፉ ጠርዙን ብቻ ይዞ አወጣው። ሁለት ዜማ አለፈ። ሦስተኛው ላይ ዋሽንቱ ከፍ እያለ ሄዶ፣ ድንገት ወለም አለው። ሁለት ርምጃ፣ ዝም፣ አንድ ርምጃ።

መርማሪው የልብስ ሰፊዋ እግር ትዝ አለው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ይቺማ… የክሩ እርጅና ትመስለኛለች» አለ ሐኪሙ ዓይኑን እየሰበረ። «ትንሽ ነገር ናት።»

«ጭረት ብትሆንስ?»

«ክር አይጫርም። የሚጫረው ሸክላ…» ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ቀረ። አምስቱ ኮከብ አንድ በአንድ ሲረግፉ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

የሸክላው አንድ ፊት አለቀ። ከድምፅ ማጉያዎቹ ክሽ… ቱክ። ክሽ… ቱክ። መርማሪው ከወንበሩ ተነሳ።

«ይህስ?»

«መርፌው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነዋ። ካላነሳኸው እስኪነጋም ቢሆን ይህንኑ ይላል።»

«ሸክላው እየዞረ፣ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየርም በርቶ፣ ዝም ሊል ይችላል?»

«ማዞሪያው ወደ ሌላ መሣሪያ ከተዞረ ብቻ።»

«ባለጆሮው ሌላ መሣሪያ ነበረው?»

«እሱ? ሬዲዮ ቤቱ ውስጥ ማስገባት አሳማ እንደ ማስገባት ነው ይል ነበር።»

*

የሟቹ ክፍል በርዷል። መርማሪው ከፎቶዎቹ ጋር አመሳከረው፤ የአምፕሊፋየሩ ማዞሪያ ሬሳው በተገኘበት ጠዋትም፣ አሁንም፣ ማንም በማይጠቀምበት በሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው። ከጀርባው ያሉት ባዶ የሽቦ መሰኪያ ቀዳዳዎች ሁሉ አቧራ ጠግበዋል። የሦስተኛው ብቻ ጥርት ብሏል።

ያረጀችውን ሸክላ ከመደርደሪያው አገኛት። በልባሷ ውስጥ፣ በቦታዋ ነበረች። ጭረቷ በጣት ይዳሰሳል። ማዞሪያውን መልሶ አጫወታት፤ ሦስተኛው ዜማ ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው እግር አነከሰች።

ከሥር ወለሉ ሁለት ጊዜ ተመታ።

ወረደ። ልብስ ሰፊዋ መጥረጊያውን ወደ ላይ እንደያዙ ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«አስደነገጥከኝ! የሞተ ሰው ተነሳ ብዬ…»

«እናቴ፣ የዚያን ዕለት ማታ ሁለቱንም ፊት ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። አንደኛው አለቀ። ትንሽ ዝም አለ። ሁለተኛው ጀመረ።»

«በመሃል፣ ሊገለብጠው ሲነሳስ?»

ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ መጥረጊያውን ቀስ ብለው አወረዱና ጣሪያውን አዩ።

«ምርኩዙን አልሰማሁም» አሉ። «ልጄ… ታዲያ ማን ገለበጠው?»

*

በማግስቱ ጠዋት ከላቦራቶሪ ተደወለ። የነሐሱ ክብደት ተወልውሎ ጸድቷል፤ ከሥሩ የተለጠፈው ጨርቅ ግን የሽማግሌውን ደም ጠጥቷል። ሁላቸውም በዚያ ጠዋት ክፍሉን ሲበረብሩ የፈለጉት ነገር ዓይናቸው ሥር ሲሽከረከር ነበር።

«ይህ የማንን እጅ ያሳያል?» አለ አለቃው።

«የማንንም።»

«እንግዲያው የልጁን መዝገብ ምሳ ሰዓት ላይ እልካለሁ።»

የአሳታሚው ስቱዲዮ ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ ነው። በሩ ሲዘጋ የመንገዱ ጫጫታ በቢላዋ እንደተቆረጠ ጠፋ። መርማሪው የገዛ እስትንፋሱን ሰማ።

«የእህቱ ልጅ ተያዘ አሉ» አለ አሳታሚው ወንበር እየሳበለት። «ያሳዝናል። ቤተሰብ እንዲህ ነው።»

«እርስዎ ይርዱኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ባለጆሮው ስለ ሸክላዎ ሊናገር ያሰበው ነገር ነበር። ግን የቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር።»

የአሳታሚው ፊት ፈታ አለ። «አይሰማም? በሱ ጆሮ ነበር የምንመዘነው? ስንት ዓመት ሙሉ?» ሊስቅ ምንም አልቀረው። «ታዲያ አስተያየቱ ምን ዋጋ ነበረው!»

«እኔም እንዲያ ብያለሁ። ግን ከሥር ያሉት ጎረቤት ደህና ይሰማሉ። እሳቸውም በዚያ ማታ ሲጫወት ስለሰሙት አስተያየት አላቸው።»

«ልብስ ሰፊዋ?»

«ልናገር ወይስ ይቅር? ደስ አይልም።»

«ይንገሩኝ።»

«የተበላሸ ሥራ ነው አሉ። አንደኛው ፊት ሳያልቅ ሁለተኛው ይገባበታል። አንዱ ባንዱ ላይ ይወጣል፤ በመሃሉ እስትንፋስ የሚባል ነገር የለውም። ለማጅ የሠራው ይመስላል ነው ያሉት።»

«ውሸት ነው።»

«እኔ የሰማሁትን ነው የምነግርዎት።»

«ጆሮ የላትም!» አሳታሚው ከወንበሩ ተነሳ፤ አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ተገተረ። «እንዲህ ያለ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም! ክፍተት ትቻለሁ። ሰው ተነስቶ የሚገለብጥበትን ያህል፣ በጆሮዬ ለክቼ ነው የተውኩት…»

ስፖንጁ ድምፁን ዋጠው።

«ሸክላ ላይ በሁለቱ ፊት መሃል ክፍተት የሚያስገባው ሠሪው አይደለም» አለ መርማሪው በዝግታ። «ተነስቶ የሚገለብጠው ሰው ነው። እርስዎ ክፍተቱን የተዉት የት ላይ ነው?»

አሳታሚው ተቀመጠ።

«ክሩን የሙዚቃው ደራሲ ሚስት ናት የሰጠችኝ። ባሏ ሲሞት ‹አደራ› ብላ። ምድር ቤት አስቀመጥኩት፤ ውሃ ገባበት። ከፍቼ ሳየው እንደ ረጠበ ወረቀት ተጣብቋል። ለሷ ምን ልበላት? ለሁሉም ከዋናው ክር ነው ብዬ ለፍፌ ነበር።»

«ስለዚህ የባለጆሮውን ሸክላ ተዋሱ።»

«ለሽፋኑ ፎቶ ላንሳት አልኩት። ቀድቼ መለስኳት። ያንን ቦታ ግን ማንሳት አልቻልኩም፤ ጭረቱን ሳነሳው ዋሽንቱ ይሞታል። ማን ያውቀዋል፣ የክሩ እርጅና ነው ይላሉ አልኩ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ማንም አላወቀውም። እሱ ደወለልኝ። ‹የእህቴ ልጅ ሸክላህ ውስጥ ሲሮጥ ሰማሁት› አለኝ። ነገ ራስህ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ አለኝ።»

«በቀትር ሄዱ።»

«ጥበቃው አይቶኛል። ሰላም ተባብለናል። የጠየቀው የለም።»

እውነት ነው። ሁሉም የጠየቁት ስለ ማታው ነው፤ መርማሪውም ጭምር።

«ልለምነው ነበር የሄድኩት» አለ አሳታሚው። «እግሩ ላይ ልወድቅ። እምቢ አለኝ።»

«ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ የሰኳትን ትንሽ ማጫወቻ ግን ይዘው ነው የሄዱት። መጀመሪያዋ ላይ ከቀትር እስከ ማታ የሚደርስ ዝምታ ተቀድቶባታል፤ ከዝምታው በኋላ የሸክላው ሁለት ፊት ይከተላል፤ ጠዋት ጥበቃው ሲወርድ ነቀሏት። ለልመና የሚሄድ ሰው ዝምታ ቀድቶ ይሄዳል?»

አሳታሚው ዝምታውን የቀዳበትን ኮምፒውተር አየ። መርማሪውም አየው።

«ሌላ ሙዚቃ ብትቀዳ አትያዝም ነበር» አለ መርማሪው፤ ‹እርስዎ› ማለቱን ትቷል። «ለምን ይህንን?»

«የመጨረሻ የሰማው የኔ ሥራ እንዲሆን ፈለግሁ» አለ አሳታሚው። «ሳይሳደብ።»

*

«በአስተያየት ሰው ይገደላል?» አለ አለቃው ወረቀቱን ሲፈርም። የልጁን መዝገብ ከላይ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ስለ ደሞዙ ምንም አላነሳም።

የሟቹ እህት ልጇ ኮሪደሩ ላይ ሲወጣ አልጮኸችም። ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችውና፣ እንደ ሕፃን፣ ሸሚዙን ትቆልፍለት ጀመር።

ከቀትር በኋላ የጥርስ ሐኪሙ ደወለ። አምስቱን ኮከብ እንዳነሳ ነገረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ማጫወቻው ላይ የነበረው ቅጂ… ጉዳዩ ሲያልቅ ለጨረታ ይወጣል? ገጹ ላይ ብዙ ሰው እየጠየቀ ነው።»

መርማሪው ስልኩን ዘጋ። ገጹን ከፈተው። በባለጆሮው የመጨረሻ ጽሑፍ ሥር መልስ ተደርድሯል፤ የሐዘን ቃል አለ። ከሐዘኑ የሚበዛው ግን ሸክላው የት እንደሚገኝ የሚጠይቅ ነው። አንዱ «ነፍስ ይማር። ለመሆኑ ሕትመቱ ጥሩ ነው?» ብሏል።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ቃላቸውን ሊያስፈርም ሄደ። መነጽራቸውን ፈልገው ሊፈርሙ ሲሉ ከላይ ሙዚቃ ተነሳ። ብዕሩ እጃቸው ላይ ቆመ።

«ልጁ ነው» አለ መርማሪው ቶሎ ብሎ። «ቁልፉን መለስንለት።»

አዳመጡ። ዋሽንቱ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ አነከሰ፣ ተነስቶ ሄደ። ፊቱ አለቀ።

ዝም አለ።

ሴትየዋ ጣሪያውን እያዩ እጃቸውን ወደ መርማሪው ክንድ ሰደዱ። ጥፍራቸው በኮቱ አልፎ ተሰማው። ዝምታው ሰው ተነስቶ የሚገለብጥበትን ያህል ቆየ፤ ከዚያም በለጠ።

ከዚያ ከባድ፣ ምርኩዝ የሌለው የሰው እግር ወለሉን ሲያቋርጥ ተሰማ።

ልብስ ሰፊዋ ክንዱን ለቀቁት። ፈረሙ። እግራቸውን ወደ መርገጫው መለሱ።

«ጫማውን ያውልቅ በለው» አሉ።